ጸጥተኛው ኦቶ፦ የክሬችመር የሌሊት ስልት እንዴት ሠራ፣ ለምንስ ከሸፈ?

ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሰርጓጅ መርከቦች በተወራ ቁጥር የጀርመናዊው አዛዥ የኦቶ ክሬችመር ስም ሳይነሳ አይቀርም። ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ግን ባሰመጠው ብዛት ነው፤ ከ40 በላይ መርከቦች፣ ከ270,000 በላይ ግሮስ ቶን (የመርከብ መጠን መለኪያ)። በዚያ ጦርነት ከተሰለፉት የሰርጓጅ አዛዦች ሁሉ ይህን ያህል ያሰመጠ የለም። ክሬችመር የተማረከው ደግሞ ጦርነቱ በተጀመረ በአንድ ዓመት ተኩል ገደማ፣ በማርች 1941 ነው። ከእሱ በኋላ ለአራት ዓመታት የተዋጉት አዛዦች በሙሉ እሱ ላይ አልደረሱበትም።

ይህን ሁሉ በድፍረቱ ብቻ ማስረዳት የተለመደ ነው። እኔ ግን አልስማማም። ደፋር አዛዦች ብዙ ነበሩ፤ አብዛኞቹም ቶሎ ሞተዋል። ክሬችመርን የለየው ስሌቱ ነው። ከሩቅ መተኮስ ለምን እንደማያዋጣ፣ አጃቢ መርከቦች ምን ማየት እንደሚችሉና ምን እንደማይችሉ፣ ሬዲዮ ምን እንደሚያስከፍል አስቀድሞ አስልቶ በዚያው ስሌት ጸና። የተያዘውም ስሌቱ በአንዲት ሌሊት በተጣሰ ጊዜ ነው። (ቀኖቹና ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተወለደው ሜይ 1 ቀን 1912 በታችኛው ሲሌዥያ፣ በሊግኒትስ አቅራቢያ ሃይዳው በምትባል መንደር ነው። አባቱ መምህር ነበሩ። በ17 ዓመቱ እንግሊዝ አገር ሄዶ በኤክሰተር ከተማ ስምንት ወር ተቀመጠ፤ እንግሊዝኛውን ያደላደለው እዚያ ነው፣ በኋላም በብዙ አጋጣሚ ጠቅሞታል። በኤፕሪል 1930 በዕጩ መኮንንነት ባሕር ኃይል ገባ፤ ኒዮቤ በተባለችው ባለሸራ ማሠልጠኛ መርከብና በክሩዘሮች ላይ ሠለጠነ፤ በ1936 መጀመሪያ ወደ ሰርጓጅ ክፍል ተዛወረ። በኦክቶበር 1937 ዩ-23 የተባለችውን ትንሽ ሰርጓጅ ተረከበ።

ዩ-23ን በቅርበት ማየት ያስፈልጋል፤ ብዙ ጸሐፊዎች ቶሎ ያልፏታል። ርዝመቷ 42.7 ሜትር፣ ሠራተኞቿ 25 ገደማ፣ የቶርፔዶ (በውሃ ውስጥ የሚሄድ ፈንጂ) ቱቦዎቿ ሦስት፣ ሁሉም ከፊት። የምትይዘው ቶርፔዶ አምስት ብቻ ነው፤ አምስቱ ካለቁ ወደ ወደብ መመለስ ነው። ለአንድ ዒላማ ሁለትና ሦስት ቶርፔዶ የሚለቅ አዛዥ በእንዲህ ዓይነቷ መርከብ ከአንድ ጉዞ አንድ ወይም ሁለት ዒላማ ቢያገኝ ነው። የክሬችመር የቁጠባ ልማድ ከዚህች መርከብ የመጣ ይመስለኛል። ሌሊት በውሃ ላይ ሆኖ እየተጠጉ መተኮስንም የለመደው በሰሜን ባሕርና በስኮትላንድ ጠረፍ በዩ-23 ነው። ጃንዋሪ 12 ቀን 1940 በኦርክኒ ደሴቶች፣ ኢንጋነስ በተባለው የባሕር ወሽመጥ ዳንማርክ የተባለችውን 10,517 ቶን የዴንማርክ ነዳጅ ጫኝ መታ። ፌብሩዋሪ 18 ቀን ደግሞ ዴሪንግ የተባለችውን የእንግሊዝ ዲስትሮየር (ፈጣን የጦር መርከብ) አሰመጠ፤ ከመርከቧ ሰዎች የተረፉት አምስት ብቻ ናቸው፣ 157 ሞቱ። የክሬችመርን ቁጥር ስናነብ እነዚህን ቁጥሮችም አብረን ማንበብ ይገባናል።

በኤፕሪል 1940 ዩ-99ን ተረከበ። ይህች ሰባት-ቢ ከሚባለው ዓይነት ናት፣ ኪል ከተማ በሚገኘው ጀርማኒያ የመርከብ ፋብሪካ የተሠራች። ርዝመቷ 66.5 ሜትር፣ ክብደቷ በውሃ ላይ 753 ቶን፣ ሠራተኞቿ 40 ከምናምን። አራት የቶርፔዶ ቱቦ ከፊት፣ አንድ ከኋላ አላት፤ 14 ቶርፔዶ ትይዛለች። ስልቱን በሙሉ የወሰነው ግን ፍጥነቷ ነው። በውሃ ላይ በናፍጣ ሞተር እስከ 17 ኖትና ከዚያ በላይ ትሮጣለች (ኖት በሰዓት አንድ የባሕር ማይል ነው)። ጠልቃ በባትሪ ስትሄድ ከ8 ኖት አታልፍም፤ በዚያ ፍጥነት ባትሪው ቶሎ ያልቃል። በ4 ኖት ዝግ ብላ ብትሄድ እንኳ የምትሸፍነው 90 የባሕር ማይል ያህል ነው። ያኔ ሰርጓጅ የሚባለው መርከብ እንግዲህ ሲያስፈልገው መጥለቅ የሚችል የቶርፔዶ ጀልባ ነበር ማለት ይቻላል። ከ7 እስከ 9 ኖት የሚሄድን ኮንቮይ (በአጃቢ ተጠብቀው አብረው የሚጓዙ የጭነት መርከቦችን) ሰርጓጅ ጠልቆ ሊከተለው አይችልም፤ ጥሎት ይሄዳል። በውሃ ላይ ግን አልፎት ሄዶ ፊቱ ላይ ሊጠብቀው ይችላል።

አሁን ወደ ቶርፔዶው እንምጣ። በወቅቱ ሁለት ዓይነት ነበር። አንደኛው በታመቀ አየርና ነዳጅ የሚሠራው ሲሆን እስከ 44 ኖት ይፈጥናል፤ ግን በስተኋላው የአረፋ መስመር ስለሚተው ቀን ቀን ያጋልጣል። ሁለተኛው ኤሌክትሪክ ነው፤ በ30 ኖት ይሄዳል፣ አረፋ የለውም፣ የሚደርሰው ግን 5 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለዚያውም ባትሪው አስቀድሞ መሞቅ አለበት፤ ቀዝቃዛ ከሆነ ርቀቱም ፍጥነቱም ይቀንሳል። ሁለቱም 280 ኪሎ ግራም ያህል ፈንጂ ይሸከማሉ።

በ1939 እና በ1940 የጀርመን ቶርፔዶዎች አስተማማኝ አልነበሩም። ከመርከቡ ሆድ ሥር አልፈው በብረቱ ማግኔታዊ ኃይል እንዲፈነዱ የተሠሩት አንዳንዶቹ ያለጊዜያቸው ፈነዱ፣ አንዳንዶቹም ጨርሶ አልፈነዱም፤ በተለይ በኖርዌይ ዘመቻ ወቅት የምድር ማግኔታዊ ኃይል በዚያ ኬክሮስ ስለሚለያይ ክፉኛ ከሸፉ። ሲጋጩ እንዲፈነዱ የተሠሩትም መርከቡን በሰያፍ ከመቱት መቀስቀሻቸው አንዳንዴ አይሠራም ነበር። ከሁሉ የባሰው ችግር ግን ጥልቀት ነው። የቶርፔዶውን ጥልቀት የሚጠብቀው መሣሪያ ያለበት ክፍል አየር በደንብ አይዘጋም ነበር። ሰርጓጁ ብዙ ሰዓት ጠልቆ ሲቆይ በውስጡ ያለው የአየር ግፊት ይጨምራል፤ ያ ግፊት ወደ ቶርፔዶው ክፍል እየሰረገ ልኬቱን ያዛባዋል፤ ሲተኮስ ቶርፔዶው ከታዘዘው በላይ ጠልቆ ከመርከቡ ሥር ያልፋል። የዚህ ምክንያት በትክክል የታወቀው በ1942 መጀመሪያ ነው። ሌሊቱን በውሃ ላይ፣ የማማው (በሰርጓጁ ጀርባ ላይ ያለው መቆሚያ) ክዳን ተከፍቶ የሚዋጋ ሰርጓጅ ውስጥ ግን ግፊቱ ከውጭው ጋር እኩል ነው። ክሬችመር ይህን አስቦት እንደሆነ የሚያሳይ ነገር የለም፤ ስልቱ ግን በዚህ በኩልም ጠቅሞታል ብዬ አምናለሁ።

የስልቱ እምብርት ርቀት ነው። በወቅቱ የሚሰጠው ትምህርት ከአጃቢዎቹ መስመር ውጭ ሆኖ፣ ከ3,000 ሜትር ገደማ ሁለትና ሦስት ቶርፔዶ እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ መልቀቅ ነበር። አንዱ ቢስት ሌላው ይመታል ከሚል ነው። ክሬችመር ይህን ትቶ «አንድ ቶርፔዶ፣ አንድ መርከብ» የሚል መመሪያ ያዘ፤ ይህ እንዲሠራ ደግሞ መጠጋት ግድ ነው።

በቁጥር እንየው። ኤሌክትሪኩ ቶርፔዶ በ30 ኖት ሲሄድ በሰከንድ 15.4 ሜትር ያህል ይጓዛል። ዒላማው በ7 ኖት የሚሄድ ጭነት መርከብ ነው እንበል፤ በሰከንድ 3.6 ሜትር ማለት ነው። ከ700 ሜትር፣ ከጎኑ ሲተኮስ ቶርፔዶው 45 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ እስከዚያ መርከቡ 160 ሜትር ወደፊት ይሄዳል። ስለዚህ የሚተኮሰው ወደ መርከቡ ሳይሆን 13 ዲግሪ ተኩል ያህል ከፊቱ አስቀድሞ ነው። አሁን አዛዡ የመርከቡን ፍጥነት በአንድ ኖት ቢስትስ? በ45 ሰከንድ ውስጥ ስሕተቱ 23 ሜትር ይሆናል። መርከቡ 130 ሜትር ርዝመት ካለውና መሐሉ ከታለመ በሁለቱም በኩል 65 ሜትር ትርፍ አለ፤ በ23 ሜትር ስሕተት ቶርፔዶው ከመምታት አይቀርም። ያው የአንድ ኖት ስሕተት ከ3,000 ሜትር ሲደገም ግን ቶርፔዶው ከሦስት ደቂቃ በላይ ይጓዛል፤ ስሕተቱም 100 ሜትር ይደርሳል። ቶርፔዶው ከመርከቡ ፊት ወይም ኋላ ያልፋል። በጨለማ፣ በማዕበል፣ በመነጽር ብቻ የሌላውን መርከብ ፍጥነት ከአንድ ኖት ባነሰ ስሕተት መገመት ደግሞ እጅግ ከባድ ነው። እየተጠጋ የሄደው ሌላ ማንኛውም ስሕተት ይቅር የሚባልበት ርቀት ላይ ለመድረስ ነው።

ከመጠን በላይ መጠጋትም አይቻልም። ቶርፔዶው ከቱቦው እንደወጣ አይፈነዳም፤ ተኳሹን ራሱን እንዳይጎዳ ጥቂት መቶ ሜትር ከሄደ በኋላ ነው መቀስቀሻው የሚከፈተው። ስለዚህ የሚመቸው ቦታ ጠባብ ነው። ያ ቦታ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በኮንቮዩ ውስጥ ነው። ኮንቮይ በበርካታ ረድፎች ይጓዛል፤ በረድፍና በረድፍ መሐል 900 ሜትር ያህል አለ። ክሬችመር በአጃቢዎቹ መሐል አልፎ በሁለት ረድፎች መካከል ይገባና አብሮ እየሄደ፣ አንዱን ከፊት ቱቦ፣ ሌላውን ከኋላ ቱቦ ይመታል።

ይህ እብደት ሊመስል ይችላል፤ ግን አጃቢዎቹ በምን ይፈልጉት እንደነበር ካየን አይደለም። የእንግሊዞች ዋና መሣሪያ አስዲክ ነበር፤ ድምፅ ወደ ውሃ ልኮ የገደል ማሚቶውን የሚያዳምጥ። የጠለቀን ሰርጓጅ ከ2,000 ሜትር ገደማ ሊያገኘው ይችላል። በውሃ ላይ ያለን ግን ከማዕበሉ ድምፅና ከሌሎች መርከቦች ጩኸት አይለየውም። ስለዚህ በውሃ ላይ ያለ ሰርጓጅ የሚታየው በዓይን ብቻ ነው። ማማው ዝቅ ያለና ጠባብ ነው፤ ከጥቁር ውሃ ጋር ይመሳሰላል፤ የጭነት መርከብ ግን ረጅም ነው፤ ከሰማዩ ጋር ጎልቶ ይታያል። በዚህ ላይ አዛዡ የጨረቃዋን አቅጣጫ መርጦ ዒላማውን በብርሃኑና በራሱ መካከል ካደረገ ዕድሉ ሁሉ ወደ እሱ ያጋድላል።

ይህ ሁሉ የሚቆመው በጠባቂዎቹ ዓይን ላይ ነው። ማማው ላይ አራት ጠባቂዎች ይቆማሉ፤ አድማሱ በአራት ተከፍሎ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን 90 ዲግሪ በመነጽር ይቃኛሉ፤ ተረኛው መኮንን ሁሉንም ይቆጣጠራል። ተራው አራት ሰዓት ነው። ጠባቂው ወደ ሌላው ክፍል ዓይኑን ከጣለ፣ የሚነድ መርከብ ለማየት ዞር ካለ በእሱ በኩል ዲስትሮየር ሊመጣ ይችላል። በጥቃት ጊዜ የመጀመሪያው መኮንን በማማው ላይ በተተከለው የዒላማ መነጽር ያነጣጥራል፤ አቅጣጫው ታች ወዳለው የስሌት መሣሪያ በሽቦ ይተላለፋል፤ መሣሪያው ማዕዘኑን አስልቶ ቱቦ ውስጥ ላለው ቶርፔዶ ጋይሮስኮፕ (አቅጣጫ ጠባቂ መሣሪያ) ይሰጣል። አዛዡ መርከቧን ይነዳል፣ ዒላማ ይመርጣል።

ኤስ.ሲ. 7 የተባለው ኮንቮይ ላይ የሆነው ይህን ሁሉ በአንድ ሌሊት ያሳያል። 35 መርከቦች ኦክቶበር 5 ቀን 1940 ከካናዳ፣ ኖቫ ስኮሻ፣ ሲድኒ ከምትባል ወደብ ተነሡ። ብዙውን መንገድ የጠበቃቸው አንድ አጃቢ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ የደረሱት ወደ መጨረሻው ነው፣ እነሱም አብረው ሠልጥነው አያውቁም፣ የጋራ ዕቅድም አልነበራቸውም። ኦክቶበር 18 ምሽት ዩ-99ን ጨምሮ በርካታ ሰርጓጆች ደረሱባቸው።

የዩ-99 የጉዞ መዝገብ እንደሚያሳየው የመጀመሪያዋ ቶርፔዶ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ላይ የተተኮሰችው፣ ሳተች። ከአራት ደቂቃ በኋላ ከኋላው ቱቦ በ700 ሜትር የተተኮሰው መታ፤ መርከቧ በ20 ሰከንድ ውስጥ ሰመጠች። 4 ሰዓት ተኩል ላይ የተተኮሰው ደግሞ ሳተ፤ የስሌት መሣሪያው የጋይሮስኮፑን ማዕዘን አሳስቶ ስለሰጠ ነው። መሣሪያው ገና በሚመለከተው የሙከራ ክፍል ተስተካክሎ አልተረከበም ነበር። ክሬችመር እዚያው ወሰነ፦ የቀሩትን ቶርፔዶዎች ያለመሣሪያው ሊተኩስ። ይህን ማድረግ የቻለው ቅርብ ስለነበረ ነው፤ ከ3,000 ሜትር ቢሆን ኖሮ ያለመሣሪያ መተኮስ ቶርፔዶ ባሕር ላይ መጣል ነው። 5 ሰዓት ተኩል ላይ ያነጣጠረበት መርከብ ዞር ሲልበት ቶርፔዶው አልፎ ሄዶ በ1,740 ሜትር ላይ ሌላ፣ ከመጀመሪያው የሚበልጥ መርከብ መታ፤ ይህ እንግዲህ ዕድል ነው፣ ስሌት አይደለም። 6 ሰዓት ሊሞላ ሁለት ደቂቃ ሲቀር ከ750 ሜትር ሌላ መታ። አጃቢዎቹ የብርሃን ጥይት ወደ ሰማይ ይተኩሱ ነበር፤ ሰርጓጁ ግን በኮንቮዩ ውስጥ ሆኖ አላዩትም።

በዚያች ሌሊት ዩ-99 ስድስት መርከቦች አሰመጠች፦ ኢምፓየር ሚኒቨር፣ ኒሪቶስ፣ ፊስከስ፣ ኢምፓየር ብሪጌድ፣ ታሊያና ስኔፍየልድ። ከ35ቱ የኮንቮዩ መርከቦች በጠቅላላው 20 ጠፉ። የሠራተኞቹን ዕድል በአብዛኛው የወሰነው ጭነቱ ነው። እንጨት የጫነ መርከብ ተመትቶም ሊንሳፈፍ ይችላል፣ ጀልባ ለማውረድ ጊዜ ይሰጣል። ብረት የጫነ ግን ጭነቱ ከብዶ ቦታ ስለማይሞላ ክፍሉ ባዶ አየር ነው፤ ሲቀደድ ውሃው ያለ አንዳች መከልከያ ይገባና በሰከንዶች ይወርዳል። ብረት ጭና የነበረችው ፊስከስ ላይ ከነበሩት የተረፈው አንድ ሰው ብቻ ነው። እነዚህ ሰዎች ነጋዴ መርከበኞች ነበሩ። የስልቱን ብልሃት መመርመር ይህን እንድንዘነጋ ሊያደርገን አይገባም።

ክሬችመር ከጥቃት በኋላ ከተረፉት ጋር የነበረው ጠባይ በብዙዎች ይነሳለታል፤ ትክክልም ነው። በሴፕቴምበር 1940 የብረት ማዕድን የጫነችው ባሮን ብላይዝዉድ ወዲያውኑ ስትሰምጥ አንድ የተረፈ መርከበኛ ከውሃ አውጥቶ፣ አሙቆና አልብሶ ኢንቨርሻነን ከተባለችው መርከብ የሕይወት አድን ጀልባ ላይ አደረሰው።

መመሪያው የማይሠራበት ጊዜም ነበር። በኖቬምበር 1940 መጀመሪያ ሎረንቲክና ፓትሮክለስ የተባሉትን ትልልቅ የታጠቁ መርከቦች ሲያጠቃ ለእያንዳንዳቸው ደጋግሞ መተኮስ ነበረበት። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ እንዲህ ዓይነት መርከቦች ቢመቱም እንዳይሰምጡ ክፍሎቻቸው በባዶ በርሜሎች ይሞሉ ነበር። ውሃ የሚገባበት ቦታ ስለሌለ አንድ ቶርፔዶ አይበቃም። በዲሴምበር ፎርፋር የተባለችውን ሦስተኛዋን አክሎ አሰመጠ።

«ጸጥተኛው ኦቶ» የተባለው ስለ ሬዲዮ ነው። የሰርጓጆቹ የበላይ አዛዥ ካርል ዶኒትዝ ኮንቮይ ያየ ሁሉ ለዋናው መምሪያ እንዲያስታውቅ፣ ሌሎቹም ተሰብስበው እንዲያጠቁ ይፈልግ ነበር። ይህ ግን ብዙ መልእክት ይጠይቃል። መልእክቱ ባይፈታም እንኳ ሞገዱ ከየት እንደመጣ በየብስ ያሉ ጣቢያዎች ይለኩታል፤ ሁለትና ሦስት ጣቢያ ሲለካው መስመሮቹ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ሰርጓጁ አለ። ክሬችመር ይህን ስለሚያውቅ ካልተገደደ በቀር አፉን አይከፍትም። በሌሎች ጥሪ ተጠቅሞ መምጣቱን ግን አልተወም። ሁሉም እንደ እሱ ዝም ቢል ኖሮ የዶኒትዝ ስልት ራሱ አይሠራም ነበር፤ ይህ በክሬችመር ላይ የሚነሳ ተገቢ ትችት ነው።

ዩ-99 ለመጨረሻ ጊዜ ከፈረንሳይ፣ ሎሪየንት የወጣችው ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1941 ነው። ማርች 16 ሌሊት ኤች.ኤክስ. 112 የተባለውን ኮንቮይ አገኘች። በዚያች ሌሊት ስድስት መርከቦች መታች፣ አምስቱ ሰመጡ፤ ፌርምና ቤዱዊን የተባሉ የኖርዌይ ነዳጅ ጫኞች ከእነሱ ውስጥ ናቸው። ቶርፔዶ አለቀና ወደ ቤት አመራች።

በዚህ ጊዜ ግን አጃቢው ሌላ ነበር። ዎከር በተባለች ዲስትሮየር ላይ ሆኖ የሚመራው ዶናልድ ማኪንታየር ነው፤ አብራው የነበረችው ዲስትሮየር ቫኖክ ደግሞ ራዳር ተተክሎባት ነበር። ራዳሩ ገና ያልበሰለ ነው፤ አንቴናው አይዞርም፣ የሚያሳየውም በአብዛኛው ከፊት ያለውን ነው። ቢሆንም በጨለማው ውስጥ በውሃ ላይ የነበረችውን ሌላዋን የጀርመን ሰርጓጅ ዩ-100ን አገኛት። ቫኖክ በቀጥታ ገጭታ ከፈለቻት፤ አዛዡ ዮአኪም ሼፕከ እዚያው ሞተ። ሰርጓጅን በጨለማ የሚሰውረው ነገር ማብቃት የጀመረው በዚያች ሌሊት ነው።

ክሬችመር በዚያን ሰዓት ማማው ላይ አልነበረም። ለጠባቂ መኮንኖቹ የሰጠው ትእዛዝ ግልጽ ነበር፦ ሌሊት ዲስትሮየር ካያችሁ አትጥለቁ፤ ጀርባ ሰጥታችሁ በውሃ ላይ ራቁ። ትእዛዙ ከላይ ካየነው ስሌት የሚከተል ነው፤ ዲስትሮየሩ ምናልባት አላያችሁም፣ ከጠለቃችሁ ግን 17 ኖት ትታችሁ ወደ ጥቂት ኖት ትወርዳላችሁ፣ ለአስዲክም ራሳችሁን ትሰጣላችሁ። ተረኛው ጠባቂ ድንገት በጣም ቅርብ ላይ ዲስትሮየር ሲያይ ታይተናል ብሎ ደመደመና የመጥለቅ ትእዛዝ ሰጠ። ዲስትሮየሮቹ ግን አላዩትም ነበር፤ ቫኖክ ከዩ-100 የተረፉትን እያወጣች፣ ዎከር እየዞረች ትጠብቃት ነበር። ዩ-99 ስትጠልቅ የዎከር አስዲክ ወዲያውኑ ያዛት።

የዎከር ፈንጂዎች በጣም ተጠግተው ፈነዱ። ውሃ ገባ፣ ሞተርና መሪ ተጎዱ፣ መርከቧም መርከብ ሠሪዎቹ ከፈቀዱት ጥልቀት በታች መውረድ ጀመረች። የቀረው መንገድ አንድ ነው፤ የታመቀውን አየር በሙሉ ወደ ውሃ ታንኮቹ ለቆ ወደ ላይ መውጣት። ወጡ፤ ግን መንቀሳቀስ አልቻሉም፤ ሁለቱ ዲስትሮየሮች ተኩስ ከፈቱባቸው። ክሬችመር በመብራት በእንግሊዝኛ መልእክት ላከ፤ እየሰመጥኩ ነው፣ ሰዎቼን አድንልኝ የሚል ነበር። መሐንዲሱ መርከቧ እንዳትማረክ ታንኮቹን ከፍቶ ሊያሰምጣት ወደ ታች ገባ፣ አልተመለሰም። ከ43ቱ 40 ተረፉ። ክሬችመር መነጽሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ወደ ዎከር ወጣ፤ ማኪንታየር መነጽሩን ወሰደና በቀረው ጦርነት ተጠቀመበት። በዚያው ወር ቀደም ብሎ ጉንተር ፕሪንም ከዩ-47 ጋር ጠፍቶ ነበር። ጀርመን በጥቂት ቀናት ውስጥ በጣም የታወቁትን ሦስቱን አዛዦቿን አጣች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ባጭሩ። መጀመሪያ በሰሜን እንግሊዝ ግሪዝዴል ሆል በተባለው የመኮንኖች ካምፕ፣ ቀጥሎ በካናዳ፣ ኦንታሪዮ፣ ቦውመንቪል ታሠረ። ዲሴምበር 26 ቀን 1941፣ በምርኮ ሳለ፣ የባላባት መስቀል በተባለው የጀርመን የጀግንነት ሜዳሊያው ላይ ሰይፍ ተጨመረለት። በ1943 ከካምፑ ዋሻ ቆፍረው እንዲያመልጡና ዩ-536 ከኒው ብራንስዊክ ጠረፍ እንድትወስዳቸው ዕቅድ ተነድፎ ነበር፤ ካናዳውያን ደረሱበት። ቮልፍጋንግ ሃይዳ የተባለ ሌላ አዛዥ ብቻ በሽቦው በላይ አምልጦ እስከ ጠረፉ ደረሰ፣ እዚያ ተያዘ። ሰርጓጇ አመለጠች፣ በኖቬምበር ግን ሰመጠች። ክሬችመር የተፈታው በ1947 መጨረሻ ነው።

በ1955 አዲሱ የምዕራብ ጀርመን ባሕር ኃይል ሲቋቋም ገባ። የአጃቢ መርከቦች ጓድ አዛዥ ሆነ፤ ኮንቮይ ሲያሳድድ የነበረ ሰው ኮንቮይ ለሚጠብቁ መርከቦች ሲመደብ እውቀቱ ከሁሉ የሚበልጠው ለዚያ ነው። ቀጥሎ የአምፊቢያን ኃይሉን (ከባሕር ወደ የብስ የሚያርፈውን) አዘዘ፣ በመከላከያ ሚኒስቴር ሠራ፣ ከ1965 ጀምሮ በኪል የኔቶ የባልቲክ መግቢያ ባሕር ኃይል ዕዝ የኤታማዦር ሹም ነበር። በ1970 በፍሎቲላ አድሚራልነት ጡረታ ወጣ። ኦገስት 5 ቀን 1998፣ በ86 ዓመቱ፣ በዳኑብ ወንዝ ላይ በጀልባ ሽርሽር ሳለ በደረሰበት አደጋ ሞተ።

ስለ ቁጥሮቹ አንድ ነገር። በተለያዩ ጽሑፎች የተለያየ ድምር ታገኛላችሁ፤ 44፣ 46፣ 47 መርከቦች ይላሉ። ልዩነቱ ከሦስት ነገር ይመጣል። አንደኛ፣ በጦርነቱ ጊዜ አዛዦች የመርከቡን መጠን በጨለማ ገምተው ነበር የሚመዘግቡት፤ ትክክለኛው የታወቀው ከጦርነቱ በኋላ የሁለቱም ወገን መዝገቦች ሲነጻጸሩ ነው። ሁለተኛ፣ አንዳንዶቹ ዒላማዎች የጋራ ናቸው፤ በማርች 1941 የሰመጠችውን 20,638 ቶን የዓሣ ነባሪ ማቀነባበሪያ መርከብ ቴርየ ቪከንን ዩ-47ም ዩ-99ም መትተዋት ነበር፣ ከኤስ.ሲ. 7ም ዩ-99 በቶርፔዶ የመታቻትን ክሊንቶኒያን የጨረሰቻት ዩ-123 ናት። ሦስተኛ፣ ግሮስ ቶን የክብደት ሳይሆን የይዘት መለኪያ ነው፤ አንዱ ግሮስ ቶን 2.83 ሜትር ኩብ ነው። እንደ ዴሪንግ ያለ የጦር መርከብ ግን የሚለካው በሚገፋው ውሃ ክብደት ነው። ሁለቱን መደመር የተለመደ ቢሆንም ትክክል አይደለም፤ ድምሩ ውስጥ ዴሪንግ መግባቷን አለመግባቷን ሳታዩ ሁለት ዝርዝሮችን አታነጻጽሩ።